አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እና ፈንታሁን

ሥራ ለመሥራት ጉልበት፣ እውቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። ሥራ የሚሠራ ለመምሰል ግን ዳሽቦርድ የግድ ነው። ዳሽቦርድ ስል የመኪናውን ማለቴ አይደለም። የመኪናው ዳሽቦርድ ምስኪን ነው፤ ነዳጅ ሲያልቅ አንዲት መብራት ያበራል፣ ሾፌሩም ይደነግጥና አንድ ነገር ያደርጋል። የእኛው የመሥሪያ ቤት ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ሆኖ፣ ክብ ክብ፣ ዘንግ ዘንግ፣ ካርታና ሦስት ቀለማት ያሉበት። ከፊቱ ቆሞ የደነገጠ ሰው እስካሁን አላየሁም። ፎቶ የሚነሣ ግን ሞልቷል።

የዚህ ስክሪን ጠባቂ እኔ ነኝ። ደባርቅ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድና መረጃ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራችን የእንስሳት ጤና ነው፤ በየቀበሌው ስንት በግ ተከተበ፣ ስንት በሬ ታከመ፣ ስንት በቅሎ ዳነች የሚለውን እንከታተላለን። «እንከታተላለን» እንዴት ያለች ምቹ ቃል ናት! ገደል ወርደው ገደል ወጥተው የሚከትቡት ሌሎች ናቸው። እኛ ቀለም እንቀባቸዋለን።

እዚህ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጥኩም ልንገራችሁ፤ በየስብሰባው የምናገረው ነገር ነውና እናንተስ ለምን ይቅርባችሁ? መካነ ብርሃን ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጃናሞራን ቀበሌ በቀበሌ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ብርድ ሲመጣ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። ከዚያ ወደ ደባርቅ ተዛወርኩ። በዘመድ ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። በልመና ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው በችሎታዬ መሆኑን ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

የዳሽቦርዱን እውቀት የቀሰምኩት ኮሶዬ ላይ ነው። አንድ ኮት የለበሰ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሎጅ ውስጥ ሦስት ቀን አሠለጠነን። ኮሶዬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በመስኮት ሲያዩት ቆላው ሁሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ፣ ሰው ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ያቅተዋል። አሠልጣኙ ግን ብልህ ነበርና መጋረጃውን ዘጋው። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ ነው። «ከዛሬ በኋላ በመረጃ እንጂ በግምት አትወስኑም» አለን፤ አጨበጨብን። ምሳ ሲቀርብ የበግ ጥብስ ሆኖ ተገኘ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሰውዬው የዓለሙን መረጃ ሁሉ ያውቃል፤ ረቡዕን ግን በግምት አልፏታል። ሽሮው እስኪሠራ ድረስ ቁጭ ብለን ስለ መረጃ ጥራት ተወያየን።

ከተማርነው ሁሉ ልቤ የገባው አንድ ቁልፍ ነው። ሶፍትዌሩ ያልገባውን ነገር ሲያገኝ «ስህተት» ብሎ ያሰምርበታል። በዚያ ሁሉ መስመር መካከል አንድ በአንድ እየፈለጉ ማረም ድካም ነው፤ ለሰነፍና ለሠለጠነ ሰው ሲባል ከላይ «ስህተት አስወግድ» የሚል ቁልፍ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት የተሰመረበት ሁሉ ብን ይላል። እስቲ አስቡት፤ በቤቱ፣ በትዳሩ፣ በዘመዶቹ መካከል እንዲህ ያለ ቁልፍ ያለው ማን አለ? አሠልጣኙ «መረጃችሁን እጠቡ» ይለን ነበር። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አጣቢ ሆንኩ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሰርተፍኬት ተሰጠን፤ ስልካችን ላይም አንድ ቡድን ውስጥ ተጨመርን። «የዳሽቦርድ ባለሙያዎች ኅብረት» ይባላል። በአገሪቱ ውስጥ ዳሽቦርድ የነካ ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ማዕረግም አለው፤ ገና የገባው «ጀማሪ»፣ ጥቂት የጻፈው «አዋቂ»፣ ብዙ የጻፈው «ሊቅ» ይባላል። ምን እንደጻፈ አይጠየቅም። ጠዋት ጠዋት የቸር ያውለን ሰላምታ አለ። ከዚያ አንዱ ያሳመረውን ስክሪን ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፣ ሌሎቹ ልብ ይልኩለታል፣ አንዱ ደግሞ ቀለሙ ዓይን እንደሚወጋ ይናገርና ጠብ ይነሣል። መረጃን በክብ ማሳየት ይሻላል ወይስ በዘንግ በሚለው ጉዳይ የተደረገው ክርክር፣ ጥንት የጎንደር ሊቃውንት በሃይማኖት ጉባኤ ካደረጉት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ልዩነቱ፣ ሊቃውንቱ የሚከራከሩበትን መጽሐፍ አንብበውት ነበር።

ስክሪኑ ደባርቅ መጥቶ ሲሰቀል ቦታ ጠበበና የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ግማሹ ተነሥቶ ኮሪደር ወጣ። መዝገብ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ ዓለምነሽ ናቸው፤ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ፋይል የሚያስሩ ሴት። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይኼ ነገር ይጽፋል?» ብለው ጠየቁኝ። አይጽፍም፣ ያሳያል እንጂ አልኳቸው። «እንዲያ በለኝ፤ ቴሌቪዥን ነው» ብለው ፋይላቸውን ታቅፈው ወጡ።

ኃላፊያችን አቶ አየልኝ ግን ክፉኛ ወደዱት። ወንበራቸውን ሳይቀር ወደ ስክሪኑ አዞሩት፤ ባለጉዳይ ሲገባ የሚያየው ጀርባቸውን ሆነ። ቀድሞ ጠዋት ሲገቡ «እንዴት አደራችሁ» ይሉን ነበር፤ አሁን «ዛሬ ቀይ ማነው?» ይላሉ። ሕጉ ቀላል ነው። ዕቅዱን ያሟላ ቀበሌ አረንጓዴ ነው፣ መካከል ላይ ያለው ቢጫ፣ ወደ ታች የወረደው ቀይ። የቀበሌው ቀለም የባለሙያው ቀለም ነው። ሰው እንዲህ በሦስት ከተከፈለ በኋላ ሌላ ምን ስሙን መጠየቅ ያስፈልጋል?

ጥር ላይ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሪፖርት አስገባሁና እንደ ልማዴ አጥቤ አሰጣሁት። ካርታው ደስ የሚል ነበር። አንዲት የጃናሞራ ቀበሌ ግን ቀላች። ቀይነቷስ ይሁን፣ ዜሮ ናት። በበጎች ክትባት ዘመቻ አንድም በግ አልተከተበባትም። የቀበሌዋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈንታሁን ይባላል። እዚያ ሲሠራ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወደ ዳባት ለመዛወር አመልክቶ ሁለት ጊዜ «ወረፋህን ጠብቅ» ተብሏል። ዘንድሮ ወረፋው ደርሶለት ነበር። የዝውውር ኮሚቴው ግን በስክሪኑ ተደስቶ አዲስ መመሪያ አውጥቷል፤ ቀይ የሆነ ሰው አይዛወርም፣ ባጠፋበት ቦታ ተቀምጦ ያስተካክላል።

አቶ አየልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። አሳምሬ ጻፍኩ። የቀበሌዋን ቀይነት የሚያሳይ ሥዕልም አያያዝኩበት፤ ማተሚያችን ቀለም ስለሌለው ቀዩ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ደብዳቤው በጭነት መኪና መካነ ብርሃን ደረሰ፣ ከዚያ በሰው እጅ ወደ ቀበሌዋ ወረደ።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደባርቅ በብርድ ተኮማትራ ሳለች ፈንታሁን ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ጫማው ከአቧራ በቀር ሌላ ቀለም የለውም። በብብቱ በፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ መዝገብ ይዟል። ሰላምታ ሰጥቶኝ ሲያበቃ ስክሪኑ ፊት ሄዶ፣ የእሱ ቀበሌ የቷ እንደሆነች ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት። «ዜሮ ማለት አንዲት በግ አልወጋሁም ማለት ነው?» አለ። እኔ እንዳላልኩ፣ የሚለው መረጃው እንደሆነ አስረዳሁት። ይህንንም አነጋገር ኮሶዬ ነው የተማርነው፤ እኛ ሰው አንሰድብም፣ የሚሰድበው መረጃው ነው።

መዝገቡን ፈታና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ነገረኝ። ክትባት በረዶ ይፈልጋል። ከደባርቅ መካነ ብርሃን በመኪና ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ከቀበሌው ከደረሰ በኋላ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጉን መውጋት ውኃ መውጋት ነው። ስለዚህ የቀበሌው በግ በሙሉ በሁለት ቀን ማለቅ አለበት። በየሸንተረሩ ተበትኖ የሚኖር ሰው በሁለት ቀን ውስጥ በጉን ነድቶ የሚመጣው እንዴት ተብሎ ነው? ፈንታሁን አስቦ አስቦ ዘዴ አገኘ። ጥቅምት ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ነው፤ የሩቁም የቅርቡም ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። ቄሱን ለምኖ ከቅዳሴ በኋላ አስነገረ። በሃያ ስምንት ክትባቱ በበቅሎ ገባ። ሃያ ዘጠኝ ባለ እግዚአብሔር ስለሆነ ማጭድ የሚያነሣ የለም፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አመንትተው ነበር አለኝ። «አባ፣ በበዓል ቀን ማስወጋት ሥራ አይሆንብንም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱም ጥቂት አሰቡና «ሥራውን የሚሠራ እሱ፤ እናንተ በግ መያዝ ነው። ዕዳው የእሱ ነው፣ እኔም ስለ እሱ እጸልያለሁ» ብለው ፈቀዱ። ፈንታሁን የቀበሌውን ኃጢአት ተሸክሞ ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን ሲወጋ ዋለ። አንዲት በግ አልቀረችም። በየመስመሩ የባለበጉ ስምና የአውራ ጣት ምልክት አለ። አንዳንዱ ገጽ ላይ የበጓም ምልክት አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሚስቱ ዳባት ላይ አስተማሪ ናት። ልጃቸው ዓመት አልፏታል። እሱ ያያት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ፎቶውን ይልክላታል፣ እናቷም ታሳያታለች። «አባባ የታለ ሲሏት ስልኩን ነው የምትጠቁመው» አለኝ። «እኔ ስመጣ ታለቅሳለች። ስልኩን ሲሰጧት ዝም ትላለች።» ይህን ሲነግረኝ እኔን አላየኝም፤ ስክሪኑን ነበር የሚያየው። እውነቱን ልናገርና፣ አፈርኩ።

ግን ምን ላድርግ? እኔ ሰርተፍኬት ያለኝ ሰው ነኝ። የአውራ ጣት ምልክት አይቼ ስክሪን ልጠርጥር? ኮሚቴው የሚቀመጠው ዓርብ እንደሆነ፣ እስከዚያ ጉዳዩን «በቴክኒክ ደረጃ» እንደማጣራለት ነገርኩት። አመስግኖኝ ኮሪደሩ ላይ፣ የተባረሩት መደርደሪያዎች አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በቴክኒክ ደረጃ ማጣራት ማለት ኅብረቱን መጠየቅ ነው። ጻፍኩ፤ አንድ ባለሙያ ከተብኩ ይላል፣ ዳሽቦርዱ ዜሮ ይላል፣ ምን ላድርግ? መጀመሪያ ሦስት ሰዎች ሰላምታ ሰጡኝ። አንዱ በክብ ነው በዘንግ ነው ያሳየኸው ብሎ ጠየቀ። በዘንግ ነው ስለው በክብ እንድሞክረው መከረኝ። ዜሮ በክብ ምን እንደሚመስል አስባችሁት ታውቃላችሁ? ሌላው መረጃህ በደንብ አልታጠበም አለኝ። ስድብ ነው፤ ከእኔ በላይ ማን ያጥባል? አንዱ ደግሞ ችግሩ ሁልጊዜ ያለው ስክሪኑ ፊት ከተቀመጠው ሰው እንደሆነ ጻፈ፤ ይህንን እንዳላየ አለፍኩት፣ ዛሬ ሳስበው ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሊቅ ብቅ ብሎ «ዜሮም መረጃ ነው» ብሎ ጻፈ። ልብ ዘነበለት። ከዚያ ወዲያ እኔን የሚያስታውሰኝ ጠፋ፤ ዜሮ በቀይ ይቀባ ወይስ በግራጫ በሚለው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ። ሰውዬው በጎቹን ወግቷቸው እንደሆነ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ፈንታሁንና ወይዘሮ ዓለምነሽ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መዝገቡን ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ወይዘሮ ዓለምነሽ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ተከትለውኝ ገቡ። «ና እስቲ ልጄ፣ አንድ ነገር አሳየኝ» አሉኝ። «ይኼ ልጅ የሠራው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ነው። ሌላ ቦታ በሃያ ዘጠኝና በሠላሳ የሠራ ማን አለ?» ይህማ ቀላል ነው ብዬ ፈለግሁ። ከጃናሞራ አንድም የለም። ከዳባትም የለም። ከደባርቅም የለም። በእነዚያ ሁለት ቀናት በምናየው አገር ሁሉ መርፌ ያነሣ ሰው የለም።

እኔ እንግዲህ ብልሁ፣ በዓል ስለነበር ይሆናል አልኳቸው። «ሃያ ዘጠኝ ባለ እግዚአብሔር ነው፤ እሺ፣ አከበሩት። ሠላሳ ምን ሆነ?» አሉና፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «በዚህ ቴሌቪዥን ጥቅምት ስንት ቀን ነው?»

ሳቅኩ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ሲስቁ አላየሁም። ቆጠርኩ፤ ሃያ ስምንት ነው። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሃያ ስምንት።

ነገሩ ይኸው ነው። እኛ ጥቅምትን በቁጥር ስንጽፍ ሁለተኛ ወር እንላለን። ሶፍትዌሩ ደግሞ የተሠራው በፈረንጅ አገር ነው፤ ሁለተኛ ወር ሲባል እሱ የሚያውቀው የራሱን አጭሯን ወር፣ ባለ ሃያ ስምንት ቀኗን ፌብሩዋሪን ነው። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ሲመጣባት እንዲህ ያለ ቀን በዓለም ላይ የለም ብሎ «ስህተት» እያለ አሰመረበት። ከዚያ የኮሶዬው ምሩቅ፣ አጣቢው፣ እኔ፣ ያችን የምወዳትን ቁልፍ ጠቅ አደረግኋት። የሌሎቹ ባለሙያዎች ሥራ በወሩ ውስጥ የተበተነ ስለሆነ ሁለት ቀን ቢጠፋባቸው የሚያውቅ አልነበረም። ፈንታሁን ግን ዓመቱን ሙሉ የለፋው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ጳጉሜንማ ባትጠይቁኝ ይሻላል፤ ለቱሪስት የምንፎክርባት አሥራ ሦስተኛዋ ወር፣ እኔ ዘንድ ከነጭራሹ ታጥባ አልቃለች።

ወደ አቶ አየልኝ ገብቼ «ጥቃቅን የቴክኒክ ማስተካከያ» እንዳደረግሁ ነገርኳቸው። ትልቅ ጥፋት ሲሆን ጥቃቅን ማለት ያስፈልጋል። ቀኖቹን አስተካክዬ ሪፖርቱን እንደገና ሳስገባው፣ ያች የጃናሞራ ቀበሌ ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነች። አረንጓዴ ብቻ? ካለችው በግ አንዲት ያላስቀረች ሌላ ቀበሌ ስለሌለች ከሁሉ አንደኛ ወጣች። አቶ አየልኝ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ፈንታሁንን አስጠርተው ከስክሪኑ ፊት አብረውት ፎቶ ተነሡ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ኮሪደር ወጥቶ ወደ ዳባት ሲደውል ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር፤ «አለቀ፣ መጣሁ በቃ፤ ለልጅቱም ንገሪያት» ይላል። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ። ያጠፋሁትን መልሼ ማግኘቴን እንደ ውለታ ቆጠርኩት።

ዓርብ ኮሚቴው ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። የፈንታሁን ስም ሲነሣ አቶ አየልኝ ካርታውን አሳዩና ሰፊ ንግግር አደረጉ። እንዲህ ያለ ትጉህ ሰው በዞኑ እንደሌለ፣ ቀበሌው በእሱ እጅ ላይ እንደቆመ፣ እሱን ከጃናሞራ ማንሣት አረንጓዴውን በገዛ እጃችን ማድረቅ እንደሆነ አስረዱ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሳኔውን በዚህ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ በያዘው ቦታ እንዲቀጥል፣ የምስጋና ወረቀትም እንዲሰጠው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ አለፍን፤ አንዱ ወደ ዳባት፣ አንዱ ወደ ደባርቅ፣ ሁለቱ ወደ ጎንደር አቅራቢያ። እጄ እየጻፈ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ፈንታሁን ደብዳቤውን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ቀይ ብሆን በስንፍናዬ ቀረሁ» አለ። «አረንጓዴ ብሆን በትጋቴ ቀረሁ። ታዲያ የሚሄደው ማነው ወንድሜ?»

ኮሚቴው ብዙ መስፈርቶችን እንደሚያይ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ወይዘሮ ዓለምነሽ ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ ሆነው «ቢጫው ነዋ» አሉ። «ይኼ ቴሌቪዥን ሳይመጣም እንዲያው ነበር። የሚከፋበት የለ፣ የሚሳሳለት የለ፤ ማን ይይዘዋል?» ብለው ፋይላቸውን ማሰር ቀጠሉ።

ፈንታሁን የምስጋናውን ወረቀት በመዝገቡ ውስጥ ከትቶ ወደ ጃናሞራ ተመለሰ። ዳባት ሄዶ ልጁን አይቶ እንዳይመለስ፣ የወሰደው ፈቃድ አልቆ ነበር።

ያን ዕለት አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ኅብረቱን እንደገና ጠየቅኩ። አረንጓዴ የሆነን ሰው ቢጫ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው ብዬ ጻፍኩ። እግዚኦ! የሠራን ሰው እንዴት እንደምቆጥር ስጠይቅ ለሁለት ቀን ዓይኑን ያጠፋው ኅብረት፣ አሁን ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ያላወቀ አልነበረም። ዕቅዱን ከፍ አድርግበት ያለኝ አለ፤ ሪፖርቱን በሁለት ሩብ ዓመት ክፈልለት ያለኝ አለ። ሰላምታ እንኳ የሰጠኝ የለም፤ ሁሉም በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው የገባው። ዜሮም መረጃ ነው ያለው ሊቅ ለብቻዬ መልእክት ላከልኝ፤ ዘዴውን ደረጃ በደረጃ አስረድቶ ሲያበቃ፣ «እኔ ለራሴ የተጠቀምኩት ነው» ብሎ ጨረሰ።

እኔ ግን ምንም መንካት አላስፈለገኝም። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የፈንታሁን ሪፖርት በስልክ ደረሰኝ፤ ከዕቅዱ ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ። አስገባሁት፤ ቢጫ። የዚያው ሰሞን የጭነት መኪና ሾፌር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ለወይዘሮ ዓለምነሽ አምጥቶ ሰጣቸው። ሄጄ አየሁ። የዚያኑ ሩብ ዓመት መዝገብ ነው፤ እያንዳንዷ በግ፣ እያንዳንዱ አውራ ጣት፣ ሳትጎድል። ሥራውን ሙሉ ሠርቶ፣ ሙሉውን ወደ መዝገብ ቤት፣ ግማሹን ወደ እኔ ልኳል። ሌላው ሰው ያልሠራውን ጨምሮ ሪፖርት በሚያደርግበት አገር፣ የሠራውን ቀንሶ የዋሸ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ወይዘሮ ዓለምነሽ አዩኝ፤ አየኋቸው። መዝገቡን ከኋላ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። እኔም ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ካደረግሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ይህ ዝምታ ነው።

ሰኔ ላይ ኮሚቴው ሲቀመጥ ስሙ ተነሣ፤ ማንም ምንም አላለም። ወደ ዳባት እንዲዛወር ተወሰነ። ሲያልፍ ደባርቅ ወርዶ ሊሰናበተን መጣ፤ ልጅቱ አሁንም ስልኩን እንደምትጠቁም ነገረኝ። «እሱን እንኳ ተወው፤ ከእንግዲህ ከስልኩ ጋር አብሬ ነው የምገባ» አለና አቀፈኝ። ለእኔ የሚገባ እቅፍ አልነበረም፤ ቢሆንም ተቀበልኩት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ደግ ነበር። አቶ አየልኝ ግን ለጎብኝዎች የሚቀርብ ነገር እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ ዳሽቦርዱ ብቁ ሰዎችን መርጦ ለማዛወር ስላስገኘው ጥቅም። ማስረጃ የሚሆን የድሮ ሰው ሪፖርት ያስፈልጋል። ከእኔ የተሻለ ማስረጃ የት ይገኛል? በየስብሰባው የማወራው ችሎታዬ አለ አይደል? ወይዘሮ ዓለምነሽን የመካነ ብርሃኑን ፋይሌን ጠየቅኋቸው። ፈልገው ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ቀድሞ የወጣ ይመስል ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አቧራውን እፍ ብለው ሰጡኝ።

የሦስቱን ዓመት ሪፖርቴን አንድ በአንድ አስገባሁ። ጥቅምቱን ሠላሳ ቀን አድርጌ፣ ጳጉሜንም ሳልረሳ። ካርታው ጥቂት አሰበና ቀለሜን አወጣ። የመጀመሪያው ዓመት ቢጫ። ሁለተኛው ቢጫ። የተዛወርኩበት ሦስተኛውም፣ ቢጫ።

እጄ ሳላዘው ወደዚያች ወደምወዳት ቁልፍ ሄደና ጠቅ አደረጋት። ሶፍትዌሩ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ከዚያ በትሕትና መለሰልኝ፤ «ምንም ስህተት አልተገኘም።»